የላስቲክ ዓሣ፦ ከአክሮን ምድጃ እስከ ቱክዊላ ወንዝ

ለመሆኑ ዓሣ ለመያዝ ዓሣ መግዛት ምን የሚሉት ነገር ነው? በቱክዊላ፣ ሳውዝሴንተር አካባቢ፣ የስፖርት ዕቃ መደብር ገብቶ ከዓሣ ማጥመጃው መደርደሪያ ፊት የቆመ ኢትዮጵያዊ ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በትናንሽ ከረጢቶች የታሸጉ የላስቲክ ዓሦች ተሰቅለውበታል። ዓይን አላቸው፤ ቅርፊት ተሥሎባቸዋል፤ ጭራቸው እንደ ማንኪያ ጫፍ ተጠፍጥፏል፤ የነጭ ሽንኩርት ሽታ የተጨመረባቸውም አሉ። አሜሪካኖቹ «ስዊምቤይት» ይሏቸዋል፤ የሚዋኝ ማባበያ እንደ ማለት ነው። መንጠቆው ግን ብዙ ጊዜ አብሮ አይሸጥም። ገዢው ራሱ መርጦ፣ ራሱ ለክቶ፣ ራሱ መሰካት አለበት። ያለ ቦታው ከተሰካ ደግሞ ገንዘቡም ቅዳሜውም ባከነ ማለት ነው።

ይህች ጎማ መሰል ነገር የራሷ ታሪክ አላት። ታሪኳም በአብዛኛው ዓሣን ለመብላት ሳይሆን ይዘው መልሰው ለመልቀቅ የሚወጡ ሰዎች ታሪክ ነው። «የተያዘ ዓሣ ይበላል» እየተባለ ያደገ ሰው ዘንግ ይዞ በዱዋሚሽ ወንዝ ዳር ሲቆም ይህ ልዩነት የቀልድ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የጤና ጉዳይ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሀገራችን መንጠቆ ውኃ ውስጥ የሚገባው ለድስት ነው። በጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ከትውልድ እስከ ትውልድ በሐይቁ ኖረዋል። በየወንዙ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ መበተንና የደነዘዘውን ዓሣ መልቀም የቆየ ዘዴ ነው። ማባበያ ካስፈለገ ትል ይበቃል። በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ ይደራል፤ «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» የሚለው ክርክርም ባሕር ተሻግሮ መጥቶ በየምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዛሬም ይነሣል። ለመዝናናት ማጥመድ በኢትዮጵያ ጭራሽ አልነበረም ማለት አይደለም፤ በ1960ዎቹ ትራውት የሚባለው ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቅቋል። ነገር ግን ያ የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

ስለ ጣና ከተነሣ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። በሐይቁ ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ያህል የትልልቅ ባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ ከእነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው ዓሦች እንዲህ አዳኝ መሆናቸው የዘርፉን ሊቃውንት ሲያስደንቅ ኖሯል። በ1986 በሞተር ጀልባና በረጃጅም መረብ ማስገር ተጀመረ። ዓሣው በክረምት ለመራባት ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መሰል ወንዞች ሲወጣ መረቡ በወንዞቹ አፍ ላይ ጠበቀው። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ክምችት 75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ከተማው ዓሣ ይፈልግ ነበር፣ አስጋሪውም እንጀራ ይፈልግ ነበር።

ወደ ላስቲኩ ዓሣ ስንመለስ፣ የትውልድ ቦታው ኦሃዮ ውስጥ የምትገኘው አክሮን ናት። አክሮን በዚያን ጊዜ እነ ጉድይርና ፋየርስቶን የመኪና ጎማ የሚያመርቱባት የጎማ ከተማ ነበረች። በ1949 ኒክ ክሬም የተባለ ሰው ከባለቤቱ ከኮስማ ጋር ሆኖ በቤቱ ውስጥ ቪኒል፣ ዘይትና ቀለም እያዋሐደ፣ በምድጃ እያሞቀ፣ በትል አምሳል በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ያዘ። ከዚያ በፊትም የጎማ ትል ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ደረቅና ግትር ነበር። የእነ ክሬም ትል ለስላሳ ነበረች። ውኃ ውስጥ በራሷ ትንቀጠቀጣለች፤ ዓሣውም ነክሶ እንደ እንጨት ወዲያው አይተፋትም። ያቺ አንዲት ቅጽበት አጥማጁ ዘንጉን ለመሳብ ትበቃዋለች።

አሠራሩ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም። ፕላስቲሶል የሚባለው ፈሳሽ ሲቀዳ እንደ ወተት ነጭ ነው። እሳት ሲነካው እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ ወደ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ደግሞ ጠርቶ እንደ ዘይት ይፈስሳል፤ ቅርጽ ውስጥ ገብቶ ሲበርድ ይረጋል። ለክብደትም ለጣዕምም ብለው ጨው የሚጨምሩበት አሉ። (በቤተሰብ ድስት ሊሞክረው የሚያስብ ካለ ይቅርበት፤ ጭሱ ለጤና አደገኛ ነው።)

ከአክሮን ቀጥሎ ታሪኩ ወደ ቴክሳስ ይወርዳል። ክሬም ራሱ ሥራውን ወደ ታይለር፣ ቴክሳስ አዛወረ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በዚያ ክፍለ ሀገር ግድብ በግድብ ላይ ይሠራ ነበር። ብዙ ቦታ ጫካው በቅጡ ሳይመነጠር ውኃው መጣበት። እንደ ሳም ሬይበርንና ቶሊዶ ቤንድ ባሉ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ውስጥ ባስ የሚባለው አዳኝ ዓሣ በሰጠሙት ዛፎች መካከል አድፍጦ ይኖራል። ጫፉ ውጭ የሆነ መንጠቆ እዚያ የተጣለ እንደሆነ የሚይዘው ዓሣ ሳይሆን ቅርንጫፍ ነው። የቴክሳስ አሰካክ የሚባለው ዘዴ መልስ የሰጠው ለዚህ ችግር ነው፤ የመንጠቆውን ጫፍ ከላስቲኩ ሰውነት ውስጥ መቅበር። ጫፉ በአፍንጫው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይገባና በአገጩ በኩል ይወጣል፤ መንጠቆው እስከ ቀለበቱ ድረስ ይሳብና ዞሮ ይገለበጣል፤ ከዚያ ጫፉ ተመልሶ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል። ከፊቱ ጥይት የመሰለ እርሳስ ይቀድማል። ዛፍ ቢነካ ያንሸራትተዋል፤ ዓሣ ሲነክሰው ግን ላስቲኩ ይታጠፍና ጫፉ ብቅ ይላል። እንግዲህ ዛሬ በሲያትል ሐይቆች ውስጥ ከሣርና ከውኃ አበባ መካከል የሚጣለው ሁሉ የዚህ የሰጠመ ጫካ ልጅ ነው።

በዚያው ዘመን ሬይ ስኮት የተባለ የአላባማ የኢንሹራንስ ሻጭ በ1967 በአርካንሳስ ቢቨር ሐይቅ ላይ የባስ አጥማጆች ውድድር አዘጋጀ። ከዚህ ውድድር ተነሥቶም ቢ.ኤ.ኤስ.ኤስ. በሚል ምሕፃር የሚታወቀውን ማኅበር መሠረተ። በመጀመሪያዎቹ ውድድሮች ዓሣው በገመድ ተሰክቶ፣ ሞቶ ይመዘን ነበር። በ1972 ግን ስኮት ያጠመዱትን አለመግደል፣ በሕይወት መዝኖ ወደ ውኃው መመለስ የሚል ዘመቻ ጀመረ። ጀልባዎች ዓሣ በሕይወት የሚያቆዩበት የውኃ ሣጥን ይዘው መውጣት ያዙ። ረሃብን በዓይኑ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ በምግብ መቀለድ ቢመስለው አያስገርምም። ደግሞም ዓሣውን አቁስሎ መልቀቅ ደግነት ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በአሜሪካኖቹም ዘንድ ያለቀለት አይደለም። ነገሩ እንዲህም ሆኖ ያ ልማድ ባይመጣ ኖሮ የላስቲኩ ማባበያ ይህን ያህል ባልተራቀቀ ነበር። የሚበላ ዓሣ የሚፈልግ ሰው በትል ይረካል፤ ትልቁን አንድ ዓሣ ለመያዝ ብቻ የሚወጣ ሰው ግን ለማታለያው መላ ሲፈልግ ዕድሜውን ይጨርሳል።

የዋኙ ላስቲክ፣ ማለትም የስዊምቤይት ታሪክ፣ የሚሞቀው ካሊፎርኒያ ላይ ነው። በ1970ዎቹ ሚስተር ትዊስተር የተባለው የሉዊዚያና ኩባንያ ሲጎተት የሚውለበለብ ጥምዝ ጭራ ያለው ላስቲክ አስፋፍቶ ነበር። ካሊፎርኒያ ግን የራሷ ምክንያት ነበራት። በ1959 ከፍሎሪዳ የመጣው በጣም የሚያድገው የባስ ዘር ወደ ሳንዲያጎ ገባ። በሌላ በኩል የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ለሕዝቡ መዝናኛ እያለ በዕርባታ ያደገ ትራውት በየሐይቁ ይለቅ ነበር። ባሱ ያንን ትራውት እየዋጠ ተንዠረገገ። በ1991 ቦብ ክሩፒ በካስቴይክ ሐይቅ የያዘው ባስ 22 ፓውንድ፣ ማለትም 10 ኪሎ ያህል መዘነ። አጥማጆቹ ይህን ሲያዩ ትል ትተው ትራውት የሚያህል ማባበያ መሥራት ያዙ፤ መጀመሪያ ከእንጨት ጠርበው፣ ቀጥሎ ከለስላሳ ላስቲክ አፍስሰው። ሃያና ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን የውሸት ዓሣ ሲወረወር ያየ ሰው የሚያጠምዱት ባስ መሆኑን ለማመን ይቸገር ነበር። በኋላ ጃፓኖች ነገሩን አሳንሰውና አቅጥነው፣ ጭራው በዝግታ ሲጎተትም እንዲመታ አድርገው ሠሩት። አሁን በመደብሩ በብዛት የሚገኘው ይኸው የጣት ርዝመት ያለው ነው።

ታዲያ እንዴት ይሰካል? ሁለት መንገድ አለ። ውኃው ክፍት ከሆነ፣ ድንጋይ እንጂ ሣር ከሌለበት፣ ራሱ ላይ እርሳስ የተጣለበት መንጠቆ ይመረጣል፤ ጂግ ይሉታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በችኮላ ነው። መጀመሪያ መንጠቆውን ከላስቲኩ ጎን አስተኝቶ መለካት፣ ቅልብሱ ከጀርባው የት ላይ እንደሚወጣም በጥፍር ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ ጫፉን በአፍንጫው መካከል አስገብቶ፣ ላስቲኩን ልክ እንደ ካልሲ ወደ ኋላ እየገፉ፣ ምልክቱ ላይ ብቻ ማውጣት። አፍንጫው ከእርሳሱ ጋር ሲገጥም ጀርባው ቀጥ ማለት አለበት። ካጠረ ይሸበሸባል፣ ከረዘመ ይለጠጣል፤ ወደ ጎን ከወጣ ደግሞ በውኃ ውስጥ ይሽከረከርና ክሩን እንደ ገመድ ያከርረዋል። ጠማማ ሆኖ የሚሽከረከር ዓሣ በተፈጥሮ የለም፤ ባሱም ይህን ያውቃል።

ሣር ባለበት ቦታ ደግሞ የቴክሳሱ ዘዴ ተሻሽሎ ይሠራል። መንጠቆው ሰፊና ጎባጣ ነው፤ ሆዱ ላይ እርሳስ ተጣብቆበታል፤ ቀለበቱ አጠገብም ጥምዝ ሽቦ አለው። ሽቦው እንደ ብሎን በአፍንጫው መካከል እየተሽከረከረ ይገባል። ከዚያ የመንጠቆው ጫፍ በሆዱ በኩል ገብቶ በጀርባው ይወጣና ጀርባው ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ይተኛል፤ ጫፉ ቆዳውን በጥቂቱ ብቻ ቢነካ ይበቃል። እርሳሱ ከሆዱ በታች ስለሆነ ዓሣው ሳይገለበጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አጎታተቱ ዝግ ይላል፤ በዘንጉ ላይ የጭራው ምት ቱክ ቱክ ሲል ከተሰማ ፍጥነቱ ልክ ነው። የተቀደደውን ላስቲክ ውኃ ውስጥ መጣል ግን ነውር ነው። አይበሰብስም፤ ሌላ ዓሣ ይውጠውና በሆዱ ይዞት ይቀራል።

በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ባስ ራሱ መጤ ነው። ትልቅ አፍና ትንሽ አፍ የተባሉት ሁለቱም ዝርያዎች ከምሥራቅ ያመጧቸው ሰዎች ናቸው፤ የዚህ ምድር ባለቤት ሳልመን ነው። በሌክ ዋሽንግተን ትንሽ አፉ በድንጋያማው ዳርቻና በጀልባ ማቆሚያዎች ሥር፣ ትልቅ አፉ ደግሞ እንደ ጁዋኒታና ዩኒየን የባሕር ወሽመጥ ባሉ አረማም ቦታዎች ይገኛል። በጸደይ የሳልመን ግልገሎች ከወንዝ ወደ ባሕር ሲወርዱ ባሱ መንገድ ላይ ይጠብቃቸዋል። የጣት ርዝመት ያለው ላስቲክ እዚያ የሚሠራውም ግልገሉን ስለሚመስል ነው። በ2019 የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ሳልመን በሚወጣባቸው ውኆች የባስ የዕለት ገደብ እንዲላላ አዘዘ፤ ሳልመን የሚበላው የኦርካ ዓሣ ነባሪ እየጠፋ ነበርና። ስለዚህ ስኮት በአላባማ «አትግደሉ» ያለለትን ዓሣ ዋሽንግተን «ይዛችሁ ብትወስዱት ግድ የለንም» ትለዋለች። ዕድሜው 15 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ግን ለየትኛውም ቢሆን ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ይህን የሰማ «እንግዲያው ለወጥ ይሁን» ማለቱ አይቀርም። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ባስ ትልቁ ትንሹን እየበላ የሚኖር አዳኝ ስለሆነ በውኃው ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ሁሉ በሥጋው ያጠራቅማል። የክፍለ ሀገሩ ጤና መሥሪያ ቤት እርጉዞች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ልጆች ባስን በወር ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይበሉ ይመክራል። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ፒፋስ በሚባሉት ኬሚካሎች ምክንያት በሌክ ዋሽንግተን፣ በሌክ ሳማሚሽና በሌክ ሜሪዲያን በባስና በሌሎች ዓሦች ላይ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ወጣ።

ከሁሉ የከፋው ግን እዚሁ ቱክዊላ ደጃፍ ያለው ወንዝ ነው። ቱክዊላ የሚለው ስም በነባሮቹ ቋንቋ ሐዘልነት የሚበቅልበት ምድር ማለት ነው። ዱዋሚሽ ወንዝ የሚጀምረው እዚሁ ፎርት ዴንት አጠገብ፣ ግሪንና ብላክ የተባሉት ወንዞች ይገናኙበት ከነበረው ቦታ ነው። በ1916 የመርከብ ቦይ ተቆፍሮ ሌክ ዋሽንግተን ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ዝቅ ሲል ብላክ ወንዝ ደረቀ። ወንዙን የሚያውቁት ሕዝቦች ዓሣቸው በኩሬ ውስጥ ሲቀር አዩ። ታችኛው ዱዋሚሽም ለመርከብ እንዲመች ጠመዝማዛው ተቆርጦ ቀጥ ተደረገ፤ ዳርና ዳሩ በፋብሪካ ተሞላ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 ቦምብ ጣዮች የተገጣጠሙበት የቦይንግ ፋብሪካ እዚያ ነበር። ከፋብሪካዎቹና ከከተማው ፍሳሽ የወጣው ፒሲቢና ሌላው መርዝ በጭቃው ውስጥ ተቀመጠ። ፒሲቢ መመረቱ የተከለከለው በ1979 ቢሆንም ጭቃው እንደ ያዘው ኖረ። በ2001 የፌዴራል መንግሥት ከሃርበር ደሴት እስከ ቱክዊላ ያለውን ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ከሀገሪቱ እጅግ የተበከሉ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው። በ2014 የጸደቀው የጽዳት ዕቅድ 342 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶለት ነበር።

በዚህ ወንዝ ላይ በበልግ መረብ ሲዘረጋ ያየ ሰው «ለእነሱ ተፈቅዶ ለእኛ ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በ1855 በተፈረመው የፖይንት ኤሊየት ውል ውስጥ ነው። ነገዶቹ መሬታቸውን ሲሰጡ በልማዳዊ ቦታቸው የማስገር መብታቸውን አስቀርተዋል፤ ዳኛ ጆርጅ ቦልትም በ1974 ሊያዝ ከሚገባው ሳልመን ግማሹ የእነሱ መሆኑን ፈረደ። የሚይዙትም አላፊውን ሳልመን ነው።

አላፊ መሆኑ እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ሳልመን ዕድሜውን በአብዛኛው በውቅያኖስ አሳልፎ ወንዙን በጥቂት ሳምንታት ስለሚያልፍ የጤና ባለሙያዎች ከዱዋሚሽ ሊበላ የሚችል የሚሉት እሱን ነው። በወንዙ ውስጥ ነዋሪ የሆነውን ዓሣ፣ ሸርጣንና ዛጎል ለበስ ሁሉ ግን ጨርሶ እንዳይበላ ያስጠነቅቃሉ። አንድ ሰው እርሳስ ያለበትን ላስቲክ በታችኛው ዱዋሚሽ ጥሎ ጭቃውን እያስታከከ ሲጎትት የሚነክስለት ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ጠፍጣፋው ፍላውንደርና መሰሎቹ፣ ማለትም ከዚያው ከጭቃው ጋር የሚኖሩት ናቸው። ዓሣው ሲታይ ጤነኛ ነው፤ አይሸትም፣ ቀለሙም አልተለወጠም። ለጾም ጥሩ ጥብስ ይመስላል።

ከሐይቁ ተይዞ በልክ የሚበላውን ዓሣ በተመለከተ ግን የአሠራር ልዩነት አለ። ፒሲቢ የሚቀመጠው በስቡ ውስጥ ስለሆነ ቆዳውን ገፍፎ፣ የሆዱንና የጀርባውን ስብ አውጥቶ፣ ስቡ ወደ ታች በሚንጠባጠብበት ፍርግርግ ላይ መጥበስ መጠኑን ይቀንሰዋል። ዓሣውን ከነጭንቅላቱና ከነሆድ ዕቃው ቀቅሎ መረቁን መጠጣት ግን ስቡን ሁሉ ሳህኑ ላይ ማምጣት ነው። ሜርኩሪ ከሥጋው ጋር የተዋሐደ ስለሆነ በመግፈፍም በመጥበስም አይወጣም፤ እሱን የሚቀንሰው ትንንሹን ዓሣ መምረጥና የምግቡን ቁጥር መገደብ ነው። ለታችኛው ዱዋሚሽ ነዋሪ ዓሣ ደግሞ በርበሬውም፣ ሎሚውም፣ እሳቱም አይረዳውም፤ በወንዙ ዳር የተተከሉት ምልክቶች የሚሉትም ይህንኑ ነው።